ሁሉ ደህና ነው በሏት

ድሬዳዋ ውስጥ ወሬ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ከተነገረ ምሳ ሳይደርስ ሳቢያን ሰፈር ይሰማል። ያን ሳምንት ግን ሰፈሩ ሁሉ አፉን ያዘ። የታፈነው ወሬ የሰርካዲስ ሞት ነበር፤ የተደበቀውም ከገዛ ልጇ ነው።

ሰርካዲስ ቀፊራ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ሳቋ ገና ከሩቅ የሚሰማ ሴት ነበረች። ኩላሊቷ ከከዳት ወዲህ ሳቋም ሰውነቷም አለቀ። ልጇ ኑሀሚን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሻንጣዋን ስታዘጋጅ፣ እናቲቱ ሆስፒታል ተኝታ ሰንብታ ነበር። ተፈታኞች ፈተናው እስኪያልቅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ያድራሉ። ስልክ መያዝ ክልክል ነው፤ ወላጅም አይገባም። ግቢው ያለው ግን እዚያው ድሬ ነው፤ ከሆስፒታሉ በባጃጅ ቢሄዱ ሻይ ጠጥቶ የመነሳት ያህል እንኳ አይፈጅም።

«አልሄድም» አለች ኑሀሚን ለአባቷ። «እማዬ የሆነ ነገር ብትሆንስ?»

«ምንም አትሆንም። ከባሰባት ደግሞ እኔው ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«ማልልኝ።»

«ሚካኤልን!» አለ ሣህሉ። እሷም ሻንጣዋን ዘጋች።

ሣህሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄ መጀመሪያ ይነገርለት። የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ከሰው የማይጣላ፣ ለልጁ የሚሳሳ አባት ነው። ጥፋቱ እሱ ያልተማረውን ሁሉ እሷ እንድትማርለት መፈለጉ ነው። ገና ስትወለድ «ዶክተር መጣች» ብሎ ነው የተቀበላት። ልጅቱ የወደደችው ሌላ ነበር። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ተቀምጣ ሰገነት ያላቸውን አሮጌ ቤቶች ስትስል ትውላለች፤ ቤት መንደፍ ነው መማር የምፈልገው ትላለች። እናቷ ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር። አባቷ ግን ነገሩን እንደ ጉንፋን ቆጥሮ «ይለቃታል» ይላል።

ፈተናው በተጀመረበት ዕለት ሰርካዲስ ጠናባት። የሱቅ ጎረቤቷና የልብ ወዳጇ በድሪያ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ፣ አልጋው አጠገብ የነበረው ሣህሉ ብቻ ነው። ሰርካዲስ ዐይኗን ገለጠች።

«ኑሀሚንን ጥራልኝ» አለችው። ድምፅዋ ደክሟል፤ ቃሏ ግን ጥርት ያለ ነበር።

«ትመጣለች» አላት።

የባጃጁን ቁልፍ ይዞ ወጣ። እስከ ሆስፒታሉ ደጃፍ ሄዶ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጠ። አሁን ብጠራት፣ አለ ለራሱ፣ ልጅቷ እስክሪብቶዋን ጥላ ትወጣለች፤ የዚህ ሁሉ ዓመት ልፋት ገደል ይገባል። ሰርካዲስ እንደሆነች ከዚህም ብሶባት ያውቃል፤ ተርፋለች። ነገ ይሻላታል። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነገረውና ቁልፉን ኪሱ ከቶ ተመለሰ። ሰርካዲስ በሩን ታያለች። ሲገባ ከኋላው ሰው ካለ ብላ አንገቷን ቀና ለማድረግ ሞከረች።

«መንገድ ላይ ናት» አላት።

በድሪያ መድኃኒቱን ይዛ ስትመለስ ሰርካዲስ አልፋ ነበር።

ማታውኑ የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ፍቅረ ማርያም፣ ነገሩን ቶሎ ቆረጡት። «ልጅቱ ፈተናዋን ትጨርስ። መርዶ እንደሆነ አያመልጣትም፤ ፈተናው ግን ያመልጣታል።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የሰው ሞት እንደ ነውር ከዘመድ ደብቆ፣ ቀን መርጦ፣ በማለዳ ሰብሰብ ብሎ መንገር አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ማንም ክፋት አላየበትም።

በድሪያ ብቻ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። «አቦ ተዉ! ልጅ እናቷን አትቅበር? ወላሂ ይሄ ግፍ ነው። ሣህሉ፣ አንተ ነህ አባቷ፤ ተናገር እንጂ!»

ሣህሉ መሬት መሬቱን አየ። «ይሁን፣ ጋሽ ፍቅሬ እንዳሉት» አለ።

በማግስቱ ሰርካዲስ ተቀበረች። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ሳለ የሣህሉ ስልክ ጮኸ። የደወለችው ተፈታኞቹን ከምታስተባብረው ክፍል ሸዋገነት የምትባል መምህርት ናት።

«አቶ ሣህሉ፣ ልጅዎ እናቴን በሕልሜ አየኋት ብላ ቁርስም አልበላች። ቤት ሰላም ነው? ችግር ካለ ይንገሩኝ፤ ከግቢ የምትወጣበትን መንገድ እንፈልጋለን።»

የሴቶቹ ለቅሶ እንዳይሰማ ሣህሉ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ከግንቡ ጀርባ ዞረ። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አፉ ላይ ደርሶም ነበር።

«ሁሉ ደህና ነው በሏት» አለ። «እናትሽ በርቺ ብላሻለች በሏት።»

ፈተናው ሲያልቅ ሰፈሩ ቲያትር ሠራ። ድንኳኑ ፈረሰ፤ ወንበሩ በየቤቱ ተደበቀ፤ ሴቶቹ ጥቁር ልብሳቸውን አወለቁ። ሣህሉም የሐዘን ጢሙን ተላጭቶ፣ የክት ሸሚዙን ለብሶ ልጁን ሊቀበል ሄደ። ኑሀሚን ከግቢው እየሳቀች ወጣች።

«እማዬስ?»

«ሐረር ተልካለች፣ ለተሻለ ሕክምና። ጠዋት እንሄዳለን።»

አመነችው። እንዴት አታምነው! ያን ምሽት እቤት ውስጥ ያወራችው እሷ ብቻ ናት፤ ፊዚክሱ እንደከበዳት፣ ሂሳቡ እንደቀለላት። በተለይ ያች «በርቺ ብላሻለች» የምትል መልእክት እንዴት እንዳበረታቻት። ከዚያ የእናቷን ቀሚስና ነጠላ አጥባ፣ ተኩሳ፣ በፌስታል ጠቅልላ በር ሥር አኖረች። «ጠዋት እንዳንረሳው» አለችው። ሣህሉ ፊቱን የሚያስቀምጥበት ቢያጣ የባጃጁን ጎማ ልይ ብሎ ወጣ።

ገና ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ኑሀሚን ጋሽ ፍቅረ ማርያምን አየች፤ ከኋላቸው በድሪያን አየች፤ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። ጮኸች። የተጠቀለለውን ልብስ ታቅፋ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሴቶቹ ያዟት፣ አለቀሱላት። መሽቶ እንባዋ ሲነጥፍ አባቷን ብቻውን ጠራችው።

«መቼ ነው?»

«ፈተናው የተጀመረ ዕለት።»

«በርቺ ብላሻለች ያልከኝ በማግስቱ ነው።»

ሣህሉ ራሱን ነቀነቀ።

«ጠርታኝ ነበር?»

ሣህሉ የልጁን ፊት አየ። ይሄን እንኳ ልቀንስላት አለ በልቡ። «ራሷን ስታ ነበር» አላት። «ማንንም አልጠራችም።»

ውጤቱ ሲመጣ ኑሀሚን ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣች። ጋሽ ፍቅረ ማርያም ደስታቸውን ሊገልጹ መጡ፤ «አላልኳችሁም?» አሉ። ሣህሉ የትምህርት ክፍል ምርጫዋን በፍርሃት ጠየቃት። ቢያንስ ስለ ቤቶቹ ትከራከረኛለች ብሎ ነበር፤ ናፍቆትም ነበር።

«አንተ ምረጥ» አለችው። «የፈለግኸውን።»

ሕክምና መረጠላት። ሥዕሎቿን ሁሉ ለበድሪያ ልጆች ሰጥታ ሐዋሳ ገባች። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ሲለው ሣህሉ እጁን ዘርግቶ ይጨብጣል፤ ደስታውን ግን ፈልጎ አጣው። ልጅቱ አንድ ቀን እንኳ አልሰደበችውም፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። በየሳምንቱ ትደውላለች።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ካሜራውን አብራው።»

ያበራል። ፊቱን ታያለች፤ ግንባሩን፣ ጢሙን ታያለች። ከዚያ «በድሪያን ስጠኝ» ትላለች፤ በድሪያም ደህና ነው ካለች ብቻ ስልኩን ትዘጋለች። ሌላ ወሬ የለም። ሣህሉ ደህና ሳለ ደህና መሆኑን የሚመሰክርለት ጎረቤት የሚያስፈልገው ሰው ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ኑሀሚን የማጠቃለያ ፈተና ላይ ሳለች፣ ሣህሉ ሱቁ ውስጥ ሆዱን ይዞ ወደቀ። የሐሞቱ ጠጠር መንገድ ዘግቷል፤ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ አይሆንም፤ ልቡም ደካማ ስለሆነ ያሰጋል አሉ ሐኪሞቹ። ሰርካዲስ የተኛችበት ሆስፒታል ነው። በድሪያ አጠገቡ ቆማለች።

«ፈተና ላይ ናት» አለ ሣህሉ፤ ከልማድ የተነሳ ነው የወጣው።

በድሪያ ስልኩን ከትራሱ ሥር አውጥታ ደረቱ ላይ አኖረችለት።

ደወለ። «ኑሀሚን» አለ፤ «ታምሜያለሁ። ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው። ደህና አይደለሁም።»

ካሜራውን አብራው አላለችውም።

«መጣሁ» አለች።

ፈተናሽስ ሊል ነበር፤ ተወው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሥራው በሩን ማየት ሆነ። ነርስ ስትገባ ቀና ይላል፤ የጎን አልጋው በሽተኛ ዘመድ ሲገባ ቀና ይላል። ብትቀርስ? መኪናው ቢሰበርስ? ከዚያች አልጋ ላይ በር ማየት ምን ማለት እንደሆነ ያወቀው ያኔ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኑሀሚን አቧራዋን እንደለበሰች ገባች። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ እጁን ያዘች፤ ከመርዶው ቀን ወዲህ እጁን ስትይዘው የመጀመሪያዋ ነው።

«ነግረኸኝ መጣሁ» አለችው። «በድሪያ ከትናንት ጀምሮ በር በሩን ያያል አለችኝ። ፈራህ እንዴ፣ አባዬ?»

አባዬ አለችው። ይህን ቃል ለማቆየት ሲል ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር፤ የሚያውቀው እሱና ሟቿ ብቻ ናቸው። ነገ ደግሞ ይድን አይድን አይታወቅም።

«እናትሽ ራሷን አልሳተችም ነበር» አለ።

እጇ እጁ ውስጥ ቀዘቀዘ።

«ጠርታሻለች። ኑሀሚንን ጥራልኝ አለችኝ። ቁልፉን ይዤ ወጣሁ፤ ከደጅ ተመለስኩ። ትመጣለች አልኳት። መንገድ ላይ ናት አልኳት። እስክታልፍ ድረስ በሩን ስታይ ነበር።»

ኑሀሚን እጇን አወጣች። ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ውጭ ባጃጆች ይጮሃሉ፤ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ሣህሉ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያያል፤ ይቅር በይኝ ለማለት አልደፈረም። ትሄዳለች ብሎ ጠበቀ፤ አልሄደችም። ፊቷን ሳትመልስ፣ በልጅነት ድምፅዋ ጠየቀችው።

«መንገድ ላይ ናት ስትላት፣ አመነችህ?»

ሣህሉ ዐይኑን ጨፈነ።

«አመነችኝ» አላት።