ዳጉ ተራ አለው

ወንድሜ ፀጋው ወደ የመን እሻገራለሁ ብሎ ከጎረቤታችን ልጅ ከከይረዲን ጋር ኦቦክ ወደብ የሚያደርሰው የጅቡቲ ሰሜን በረሃ ከገባ አራት ቀኑ ነው። ስልኩ ከጠፋ ደግሞ ሁለት። መጨረሻ የላከልኝ ድምፅ፣ «እታለም፣ ጨው ብቻ የሆነ ሜዳ! ውሃው ሰማያዊ፣ ተራራው ጥቁር፤ ብታዪው ታለቅሻለሽ» ይላል። «ውበቱ ገደል ይግባ፣ የምትጠጣው አለህ ወይ?» ብዬ መለስኩለት። አልደረሰውም።

እኔ ጅቡቲ ከተማ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የቤቱ ዘበኛ ጋሽ ኑረዲን ከባሕሩ ማዶ፣ ከበረሃው ጠርዝ ካለችው ታጁራ የመጣ አፋር ነው።

«በረሃ ላይ የተገናኘ ሰው ያየ የሰማውን ሳይነጋገር አይተላለፍም። ዳጉ እንለዋለን» አለኝ። «ወንድምሽን ያየ ካለ ወሬው ይደርሰናል።»

ሰኞ ጠዋት የታጁራ ጀልባ ወደሚቆምበት ይዞኝ ወረደ። አንድ ዘመዱ ከጀልባው ወረደ። አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ኑረዲን በእጁ አስቆመኝ፤ ዳጉ ተራ አለው። መጀመሪያ ዝናቡ፣ ከዚያ ግጦሹ፣ ከዚያ የታመመችው ግመል። በስመ አብ! ግመሏ ለኔ ምኔ ናት? አንጀቴ አረረ።

በመጨረሻ ጋሽ ኑረዲን ወደኔ ዞረ። «ትናንት ሁለት ልጆች ደረቅ ወንዝ ውስጥ ተገኝተዋል። አንዱ ሞቷል።»

«የትኛው?»

«ስማቸውን የሚያውቅ የለም። የተረፈው መናገር አቅቶታል። ፍየል ጠባቂዎቹ ወተት ሲሰጡት በእጁ ይገፋል። ያበደ መስሏቸዋል።»

ሁዳዴ ነው! «እሱ ነው! ያ ደረቅ፣ እየጾመ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከይረዲንማ ወተት ቢያገኝ መች ይገፋል? ያኔ ነው የሞተው ማን እንደሆነ የገባኝ።

«ውሃ ይስጡት እንጂ!»

«ጉድጓዱ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ልጄ። ያለቻቸውን ጠብታ ከንፈሩ ላይ እያንጠባጠቡለት ነው። ወተቱን ካልጠጣ አያድርም።»

ሰውየው በቀጥታ ወደዚያው ሊመለስ ነው። ስልኩን ተቀብዬ ድምፄን ቀዳሁ፦ «ፀጋው፣ እህትህ ነኝ። ጠጣ! ኃጢአቱ በኔ ይሁን። እምቢ ብትል መጥቼ ነው በጥፊ የምልህ!»

በማግስቱ ጋሽ ኑረዲን ከጀልባው ወሬ ተቀብሎ መጥቶ በሩ ላይ ጠራኝ። ዝናብም ግጦሽም አላነሳም።

«ድምፅሽን ሲሰማ አለቀሰ። ከዚያ ጠጣ።»

እዚያው በሩ ላይ ተንበርክኬ መሬቱን ሳምኩ። «ተናገረ? ምን አለ?»

«‹ለከይረዲን እናት እታለም ትንገራት፤ እኔ አልችልም› ብሏል።»

ቁጥሯ ስልኬ ውስጥ አለ። እንባዬን ጠረግኩና ደወልኩ። ገና «ሄሎ» ሳልል፣ «ፅዮናዊት! ልጆቹ ደረሱ?» አለችኝ።