የእጥፋቱ ጎን

ወይዘሮ ቦጉሚላ ወረቀት ሲቆርጡ መቀሱ ቦታውን አይለቅም፤ የሚዞረው ወረቀቱ ነው። እርሳስ አይነኩም። ወረቀቱን ለሁለት ያጥፉና እጥፋቱን በግራ እጃቸው ይዘው፣ የበግ ጠጉር በሚሸለትበት ትልቅ መቀስ ከታች ወደ ላይ ይሄዳሉ። ሲዘረጋ መሀል ላይ ዛፍ፣ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አውራ ዶሮዎች ይወጣሉ። በአገራቸው በፖላንድ ገበሬዎች የቤታቸውን ግድግዳ የሚያስጌጡበት ሥራ ነው፤ ቪቺናንኪ ይሉታል።

ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሞንትቤሎ በሚባል ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምረዳቸው ተንከባካቢ ነኝ፤ አገር ቤት የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦሮራ ከተማ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት እወስዳቸዋለሁ። እዚያ ስምንት ልጆችን ወረቀት መቁረጥ ያስተምራሉ፤ አብዛኞቹ የሐበሻ ልጆች ናቸው።

በኦክቶበር የመጀመሪያ ቅዳሜ የቆረጡትን ሲዘረጉ ዛፉ ለሁለት ተከፍሎ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። እጥፋቱን ራሱን ቆርጠው ጥለውት ነበር።

"ዶሮዎቹ ዲቮርስ አደረጉ" አለች የዘጠኝ ዓመቷ ሃበን። ልጆቹ በፍቺው ሳቁ። እሳቸውም ሳቁና ስህተቱን ሆን ብለው እንዳሳዩ ተናገሩ። አመንኳቸው። በሳምንቱ ግን አውራ ጣታቸውን ተከታተልኩ። እጥፋቱን ሁለት ጊዜ ዳበሰ፣ ክፍቱን ጎን ዳበሰ፤ ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው በተሳሳተው በኩል ጀመሩ። የትኛው ጎን የቱ እንደሆነ ጠፍቷቸዋል።

ያየሁትን ሁሉ ከመውጣቴ በፊት ስልኬ ላይ መመዝገብ ሥራዬ ነው። ሴንቴኒያል ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ያነበዋል። አእምሯቸው መድከም ከጀመረ ትምህርቱ እንደሚቆም፣ እሳቸውም የአረጋውያን መኖሪያ እንደሚገቡ ቀድሞ ነግሮኛል። ያን ዕለት ምሳቸውን፣ መድኃኒታቸውንና የደም ግፊታቸውን ጻፍኩ። ስለ ወረቀቱ አልጻፍኩም።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን እኔው አጥፌ፣ እጥፋቱን በግራ እጃቸው በኩል አድርጌ ማቀበል ጀመርኩ። ሲገለብጡት ቀስ ብዬ መልሼ አስይዛቸዋለሁ። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ልጆቹ ሦስት ጊዜ ታጥፎ የሚቆረጠውን ክብ ኮከብ መቼ እንደሚያስተምሯቸው ሲጠይቁ፣ ጊዜ አለን፣ የበረዶው ወራት ይለፍ ይሉ ነበር። ኮከቡን የተማሩት ከእናታቸው ነው። የትም አልተጻፈም፤ ልጃቸው እንኳ አያውቀውም።

በአራተኛው ቅዳሜ ሃበን አጠገቤ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየች።

"አንቲ ፀዳል፣ ለምንድነው ሁልጊዜ ወረቀቷን የምትገለብጪባት?" አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ወይዘሮ ቦጉሚላ መቀሱን አስቀመጡ። ልጆቹን ቀለም ምረጡ ብለው ወደ ሌላው ጠረጴዛ ላኩና ወደ እኔ ዞሩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ዛሬ አራተኛው ነው።"

"ጽፈሽዋል?"

"አልጻፍኩም። ልጅዎ ትምህርቱን እንዳያስቆምብዎት ብዬ ነው።"

አልተቆጡም። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ።

"ደህና የሆንኩ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ብትነግሪኝ ኖሮ ኮከቡን ያኔውኑ እጀምርላቸው ነበር።"

ትምህርቱ ሊያልቅ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሃበንን ጠርተው ቀይ ወረቀትና መቀሱን ሰጧት። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በቃል ብቻ ይመሯት ጀመር። ሦስት ጊዜ ማጠፍ። ጫፉን ክብ ማድረግ። ዳሩን ጥርስ ጥርስ ማውጣት። በአንደኛው እጥፋት ላይ ግማሽ ቅጠል። እያንዳንዱን ቃል ጻፍኩ።

ከቅጠሉ በኋላ ቆሙ።

ልጅቷ መቀሱን እንደከፈተች ጠበቀች። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። "ከዚያስ?" አለች። እሳቸው እኔን አዩኝ። ከወር በፊት መኪና ውስጥ ኮከቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነግረውኝ ነበር። እየነዳሁ ስለነበር በጆሮዬ አልፎ ሄደ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ሃበን ወረቀቱን ዘረጋችው። ዙሪያውን ጥርስ፣ አራት ቅጠል፤ መሀሉ ያልተነካ ቀይ።

ሞንትቤሎ ደርሰን ፓርክ እንዳደረግኩ "አሁን ጻፊው" አሉኝ። ቀኖቹን በሙሉ፣ የደበቅኩትንም ጨምሬ ጻፍኩ። ከመኪናው ሳንወርድ ልጃቸው መለሰ። ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ከእንግዲህ ቤተ መጻሕፍት እንዳልወስዳቸው አዟል አልኳቸው።

"ለልጆቹ ማን ይነግራቸዋል?"

"እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"እስከ ቅዳሜ አታቆዪው" አሉ፣ በሩን ለመክፈት እጀታውን እየፈለጉ።