ሰባት ቤት በሁለት መስመር

"አቁሚው! አቁሚው አልኩሽ!"

ማዓያን ደንግጣ ቁልፉን ተጫነች። አባ ወርቅነህ አፋቸውን እንደከፈቱ፣ አንድ ጣታቸውን እንዳነሡ ኮምፒውተሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

"ማ ካራ፣ ኢማ? ምን ሆንሽ?"

እናቷ ውባንቺ አልመለሰችም። ውባንቺ መልስ አጥታ ያየ ጎረቤት በመላው የራማት የዲዲም ሰፈር አይገኝም። ደረጃ ላይ ስለ ቆሻሻ ባልዲ ብትጠየቅ እንኳ ሩብ ሰዓት የምትመልስ ሴት ናት። አሁን ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈዛ ቀረች።

ዕለቱ ዓርብ ነው፣ እኩለ ቀን። የማዓያንና የራዝ ሠርግ ማክሰኞ ነው። የሙሽራው የራዝ አያት አባ ወርቅነህ ጉልበታቸው መድረክ ስለማያስወጣቸው፣ ምርቃታቸውን ክፋር ዮና ቤታቸው ተቀምጠው በስልክ ቀርጸው ልከዋል። ከተጠራው ሰው ግማሹ አማርኛ የማይሰማ ወጣት ነው። ስለዚህ ከሥር በዕብራይስጥ ጽሑፍ መሄድ አለበት፤ ልጆቹ ክቱቢዮት የሚሉት። የአዳራሹ ሰዎች ደግሞ ሰንበት ሳይገባ ይድረሰን ብለዋል።

ማዓያን መጀመሪያ ሥራውን ንግግር ሰምቶ ለሚጽፈው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰጥታው ነበር። ፕሮግራሙም ሽማግሌውን አዳምጦ አዳምጦ "ሙዚቃ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ እናትየው ጆሮ፣ ልጅቷ እጅ ሆኑ። ውባንቺ ትነግራለች፣ ማዓያን በዕብራይስጥ ትጽፋለች። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በየሳጥኑ አስገብታ ከድምፁ ጋር ታገጥማለች፤ ጽሑፉ ሲረዝም ሳጥኑ ቀይ ይሆናል፣ ታሳጥረዋለች። ውባንቺ ከምትሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ፈቃድ ወስዳ የመጣችው ለዚሁ ነው። እስካሁንም ደስ ብሏት "ይህ ቀይ እንደ ሆቴሉ አለቃችን ነው፣ ትንሽ ስታወሪ ይቆጣል" እያለች ትስቅ ነበር።

"መልሺው እስቲ፣ ትንሽ ወደኋላ።"

አባ ወርቅነህ እንደገና ተናገሩ። ከመመረቃቸው በፊት፣ እንደ ሽማግሌ ደንብ፣ ማንነታቸውን እየቆጠሩ ነበር። "እናቴ ጥሩብርሃን። የጥሩብርሃን አባት ውድነህ። የውድነህ አባት ቢያድግልኝ፣ አንድ ዓይናው ባለ እጅ፣ የወገራው።"

አንድ ዓይናው ባለ እጅ! የውባንቺ አባት ፈንታ ጣቱን በመዶሻ በመታ ቁጥር "ቅድመ አያቴ በአንድ ዓይን ብረት ይቀጠቅጥ ነበር፣ እኔ ሁለት ይዤ እስታለሁ" ይል ነበር። ያ ሰው ነው። በወገራ ሌላ አንድ ዓይና ቢያድግልኝ አልነበረም።

በጣቷ ቆጠረች። ራዝ፣ እናቱ ኤፍራት፣ አባ ወርቅነህ፣ ጥሩብርሃን፣ ውድነህ፣ ቢያድግልኝ። ስድስት። በሌላው እጇ ማዓያን፣ እሷ ራሷ፣ ፈንታ፣ የፈንታ አባት ቸኮል፣ የቸኮል እናት ዋጋዬ፣ ቢያድግልኝ። ስድስት። ደግማ ቆጠረች፤ ጣት አልጨመረም። ሰባት ቤት ሳይሞላ ዘመድ ለዘመድ አይጋባም። ጎደሎው አንዲት ቤት ነች!

"ስልክ ልደውል" አለችና የወጥ ቤቱን በረንዳ ከኋላዋ ዘጋች።

"አባ፣ ውባንቺ ነኝ።"

"ሰማሽው?" አሉ ሽማግሌው። እንደምን ዋልሽ እንኳ አላሉም።

ውባንቺ የልብስ ማስጫውን ብረት ያዘች። "አንቱ ያውቁ ነበር?"

"ባለፈው ሳምንት ነው የቆጠርኩት። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ እናንተ በራዝ አባት ወገን ብቻ ቆጠራችሁ። በእናቱ በኩል ያለው፣ የሽማግሌው ጉልበት ሲሻለው ይቆጠራል አላችሁ። ከሆስፒታል ስወጣ አዳራሽ ይዛችኋል።"

"ታዲያ አይደውሉልኝም? ሰው በቪዲዮ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚነግር?"

"ደውዬ ምን ልበል? ራዝን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አፌ እምቢ አለኝ። ጽሑፉን ለማዓያን የምትነግሪያት አንቺ እንደሆንሽ ስሰማ፣ እንግዲህ ውባንቺ ትስማው ብዬ ተናገርኩት። ከፈለግሽ ይቆረጥ። አልቀየምሽም።"

"እኔ ላይ ጣሉት እንጂ!"

"ጣልኩብሽ፣ ልጄ። እውነትሽን ነው።"

ስልኩ ተዘጋ። ውባንቺ በረንዳው ላይ ቆመች። ቢቆረጥስ? አሥራ ሁለት ሴኮንድ ናት። ማዓያን የሽማግሌውን ሳል በአንድ ቁልፍ ስታጠፋው አይታለች። ሳሉ ጠፋ፣ ማንም አልፈለገው። ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ የሚሰሙት ምርቃት ብቻ ይሆናል። ከእሷና ከአባ ወርቅነህ በቀር የሚያውቅ የለም።

እሷንም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የሚፈልጋት ሰው ነበር። ሽማግሌዎች ቢቆጥሩ አምስተኛ ቤት ላይ ተገናኙና ጋብቻው ቀረ። ቀረ መባሉን የሰማችው ከሁሉም ሰው በኋላ ነው፣ ውኃ ቀድታ ስትመለስ። መቅረቱን ተቀበለችው። ሳትጠየቅ መቅረቷ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ሆዷ ውስጥ አለ።

ስትገባ ማዓያን ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋለች።

"ኢማ፣ ይችን ልቁረጣት? ስም ብቻ ነው፣ ማን ያዳምጣል? ሰንበት ሊገባብን ነው፣ ያላ፣ ቶሎ በይ።"

ውባንቺ የልጇን ጣት አየች። አሁን ዝም ብትል ነገሩ በራሱ ያልቅ ነበር።

"አትቁረጪ" አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ጻፊ። ጥሩብርሃን።"

ማዓያን ጻፈች።

"ውድነህ። ቢያድግልኝ፣ አንድ ዓይናው ባለ እጅ።"

ሳጥኑ ቀይ ሆነ። ማዓያን በሁለት መስመር ከፈለችው፣ ቀዩ ጠፋ። "ቤሴደር፣ እሺ። ቀጥሎስ?"

"ከሥሩ ሌላ ሳጥን ክፈቺ።"

"የምን?"

"የእኛ። ፈንታ።"

"ሳባ ፈንታ? አያቴ እዚህ ምን ያደርጋል?" ሳቀች። "የሙሽራዋን ዘርም ልናሳይ ነው? ዳይ ኢማ፣ ይበቃል፣ እንግዳው ይተኛል።"

"ጻፊ አልኩሽ። ቸኮል። የቸኮል እናት፣ ዋጋዬ።"

"እሺ፣ ዋጋዬ። የዋጋዬ አባትስ?"

"አንድ ዓይናው ባለ እጅ" አለች ውባንቺ።

ማዓያን ሁለት ፊደል ጻፈች። ጣቶቿ ቆሙ። አማርኛው ቢያስቸግራትም ሰባት ቤትን ታውቃለች፤ ራዝን ባሕሩ ዳር ባገኘችው ቀን መጀመሪያ የጠየቀችው "ከየት ናችሁ?" ብላ ነው። ዓይኗ ወደ ላይኛው ሳጥን ወጣ፣ ወደ ታችኛው ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ከንፈሯ እየቆጠረ ነበር። ስድስት ላይ ደረሰና ሰባተኛ አጣ።

"ኢማ" አለች በቀስታ። "ራዝ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ምን ላድርግ?"

ውባንቺ የራሷን ስልክ ከልጇ እጅ አጠገብ አስቀመጠች። አሁን ግን መልስ አጥታ አልነበረም፤ እሷ ያልተጠየቀችውን ልጇና ራዝ ራሳቸው እንዲመልሱት ነው።