ሳህሌ ስኮፕ ሊገዛ የሄደ ዕለት

ባለቤቴ ሳህሌ ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለበት፤ እኔ ደግሞ ቁጣ። ሠላሳ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር የኖርነው እሱ ለአላፊ አግዳሚው አንገቱን ሲደፋ፣ እኔ በሱ ፋንታ ስጣላ ነው። ያን ማክሰኞ ግን ንዴቴ ልኩን አለፈ፤ እስከ ዛሬም በቅጡ አልበረደልኝም።

ነገሩ የመጣው በአጋዘን ነው። ሳህሌ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን እስክንገባ ድረስ ባሌ ክፍለ ሀገር ውስጥ የፈረንጅ አዳኞች ሾፌር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠመንጃቸውን ተሸክሞ፣ ድንኳናቸውን ተክሎ፣ ሲተኩሱ ቆሞ አይቷል። እሱ አንዲት ጥይት ተኩሶ አያውቅም። ለንደን ዊልስደን ሰፈር ከገባን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ሲገፋ ከኮሊን ጋር ተዋወቀ። ኮሊን አብሮት የሚሠራ እንግሊዛዊ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኬንት ገጠር እየወረደ የገበሬ ችግኝ የሚያጠፉ አጋዘኖችን በፈቃድ ያድናል። "ጡረታ ስትወጣ አንተም ትተኩሳለህ" አለው። የቀልዱን መስሎኝ ስቄ ነበር።

ሳህሌ ጡረታ እንደወጣ የአደን ኮርሱን ወሰደ፣ ፈተናውን አለፈ፣ ለጠመንጃ ፈቃድ አፕላይ አደረገ። ፖሊስ ሳሎናችን ድረስ መጥቶ ኢንተርቪው አደረገው። አሮጌ ጠመንጃ ገዝቶ ደረጃ ሥር ባለ የብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። የቀረው ስኮፕ ብቻ ነበር፤ ጠመንጃው ላይ የሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር። ቀኑም ተቆርጦ ነበር፤ ከዚያ ማክሰኞ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ። ጠዋት ኮሊን ፊት ወረቀት ላይ ሦስት ጥይት ይተኩሳል፤ ሦስቱም ከስኒ ማስቀመጫ በማትበልጥ ክብ ውስጥ ካረፉ ከሰዓት በኋላ የራሱን አጋዘን ያድናል። ካላረፉ ግን ተራው ለሌላ ሰው ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ቤቴ ውስጥ ከስኮፕ ሌላ ወሬ አልነበረም። እራት ላይ ስኮፕ፣ አልጋ ላይ ስኮፕ። ልጃችን ሔርሜላ አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣችና "አባዬ፣ ይሄ ሃያ አራት ጊዜ ያጎላል፤ ሃፍ ፕራይስ ነው፤ ሪቪዎቹ አሜዚንግ ናቸው" አለችው።

"ልጄ፣ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል የሚያጎላ ከሆነ መስታወቱ ደካማ ነው" አላት። "አጋዘን የሚወጣው ሲነጋና ሲመሽ ነው። ያን ጊዜ ደካማ መስታወት ከል ያለብሰዋል። ትንሽ የሚያጎላ፣ መስታወቱ ግን ጥሩ የሆነ፤ ለኛ ኪስ የሚሆነው እሱ ነው።"

እኔም ሳልወድ ተማርኩ። ስኮፕ ከዓይን አራት ጣት ያህል ካልራቀ፣ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመታ ቅንድብ እንደሚፈነክት ሳይቀር አውቃለሁ።

ያን ማክሰኞ የሄድንበት ሱቅ ክላፋም ነው። ሻጩ ገና ስንገባ ከላይ እስከ ታች አየንና፣ ከሰላምታ በፊት "በጀታችሁ ስንት ነው?" አለ። ሳህሌ ሲነግረው ከንፈሩን ጠመም አድርጎ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ጎንበስ አለ። "ለጀማሪ ይበቃል" አለ። እኔ ውስጤ ተቃጠለ። ሳህሌ ፈገግ ብሎ "ቴንክ ዩ፣ ሰር" አለው። ሰርየው ሃያ አምስት ዓመት አይሞላውም።

ሻጩ በሩን ከፈተልንና ማዶ ሕንፃው ላይ ያለውን ሰዓት በመጀመሪያው ስኮፕ እንዲያይ ለሳህሌ ነገረው። ሳህሌ አየ። "ቬሪ ጉድ። ክሊር" አለ። ሁለተኛውን ሰጠው። "ክሊር።" ሦስተኛውን። "ክሊር።"

"ሁሉም ክሊር ከሆነ ምኑን እንመርጣለን?" አልኩት። "ሦስት ወር ያደረቅከኝ ለዚህ ነው? የትኛው ነው የሚሻለው?"

"ቀስ በይ፣ ኤልፍነሽ። ልጁ ደከመ።"

"ይድከም! ሥራው አይደል?"

"ስንቱን አወጣልን። አሁን አንዱን ሳንወስድ ብንወጣ ምን ይለናል?"

ምን ይለናል! በዚች ቃል ስንት ነገር እንደከፈልን እኔ አውቃለሁ። ቤት የምታድለው የካውንስሏ ሴትዮ ደግ ናት ተብሎ መስኮቱ የማይገጥም ቤት ተቀብለናል። ጎረቤት እንዳይቀየም ተብሎ ሌሊት ሙሉ የሚጮህ ውሻ ችለናል። አሁን ደግሞ ከንፈሩን ላጣመመብን ልጅ ድካም ስንል የማይሆን ስኮፕ ልንገዛ ነው።

ሻጩ አራተኛውን ከካርቶኑ አወጣ። የኋላ ክዳኑን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ፤ ስኮፑን ለሳህሌ አስይዞ ፊቱን አዞረ። ሳህሌ ቀኝ ዓይኑ ላይ አደረገ፣ ግራውን ጨፈነ፣ ትንሽ ቆየ።

"ይሄስ ግሩም ነው" አለ። "ሰዓቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይሄን እንውሰድ።"

እኔ ከበሩ ውጪ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ። የስኮፑ የፊት ክዳን፣ ጥቁር ጎማ፣ እንደተከደነ ነው።

"ሳህሌ፣ ሰዓቱ ስንት ይላል?"

"አራት ከሩብ" አለ፤ ትንሽ እንኳ አልተደናቀፈም።

ክዳኑን ነቀልኩና መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ክዳን ነበረው እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ። "እኔኮ ዓይኔ መስሎኝ ነው።"

ከዚያ በኋላ ጮህኩ። ክላፋም መሀል መንገድ ላይ፣ ሰው ዞሮ እያየኝ፣ ጮህኩ። ይየኝ! "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ከፋሲካ ወዲህ። መጀመሪያ ጭጋግ ነበር።"

"የዓይን ምርመራ ቡክ አድርጌልህ አልነበረም? ሄድኩ ብለኸኝ የለ?"

"ሄጃለሁ። በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ሐኪሙ አይቶ ቢነግረኝ ጠመንጃውን ይወስዱብኛል ብዬ ነው።"

"ሰው ብትመታስ? አጋዘን መስሎህ የሰው ልጅ ብትጥልስ? ለሱም ሶሪ ትለዋለህ?"

ሻጩ ብቅ ብሎ ስኮፑን እንወስድ እንደሆነ ጠየቀን። ሳህሌ ስኮፑን መለሰለትና "ጊዜህን ስላባከንን ይቅርታ" አለው። ያን ጊዜ ስኮፑን ከሻጩ እጅ ቀምቼ አስፋልቱ ላይ ብከሰክሰው በወደድኩ።

ባስ ላይ ከፎቅ ተቀመጥን። "ለኮሊን ደውል" አልኩት።

"ጉንፋን ይዞኛል እለዋለሁ።"

"አትዋሽም! እምቢ ካልክ እኔ እነግረዋለሁ" ብዬ ስልኩን አውጥቼ ደወልኩ። ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ኮሊን ሲያነሳ ሳህሌ ስልኩን ከእጄ ወሰደ።

"ኮሊን፣ ቀኝ ዓይኔ አያይም" አለው። "ቅዳሜ መተኮስ አልችልም።"

"አውቃለሁ፣ ወዳጄ" አለ ኮሊን። "ከወራት በፊት ነው ያወቅኩት፤ ሻይ ስትቀዳ ከኩባያው ውጪ ስታፈስ አይቼህ። ላሳፍርህ አልፈለግኩም። ግን አታስብ፣ መላ አበጅቻለሁ። ወረቀቱ ላይ የምትተኩሰውን አልፈሃል እልልሃለሁ። ጫካ ስንገባ ከጎንህ ሆኜ አፈሙዝህን አስተካክልልሃለሁ፤ አንተ ስትተኩስ እኔም እኩል እተኩሳለሁ። አጋዘኑ ይወድቃል። ያንተ ነው።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሳህሌ ዓይኑን ለመንገር አፈረ፣ ኮሊን ለመጠየቅ አፈረ፤ ሁለት ጨዋዎች ተደጋግፈው ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ይዘው ጫካ ሊገቡ ነበር! የምሰድበው ቃል ስፈልግ ሳህሌ ከመቀመጫው ተነሳ።

"አሥራ አንድ ዓመት ሰው ሲተኩስ ቆሜ አይቻለሁ!" ብሎ ጮኸ፤ በአማርኛ፣ ኮሊን አማርኛ የሚሰማ ይመስል። "ባሌ ሾፌር ነበርኩ፤ ግን እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ ዋሽቼ አላውቅም! የሰው ጥይት ለእኔ ልትሰጠኝ ነው? እንደ ሕፃን ልታታልለኝ ነው?" ቀጥሎ በእንግሊዝኛ "አጋዘኔን አንተ ልትገድልልኝ ነው? ማን ጠየቀህ?" አለና ስልኩን ዘጋው። አንድ ሽማግሌ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አየን።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ተቆጣ እያልኩ ስለምነው ኖሬ፣ ሲቆጣ ደግሞ የማደርገው ጠፋኝ። "ተቀመጥ" ብቻ አልኩት።

አልተቀመጠም። ከቦርሳው የጠመንጃ ፈቃዱን አወጣ፤ ወረቀቱን ወደ ግራ ዓይኑ አስጠግቶ ከላዩ ላይ የፖሊሶቹን ቁጥር አንብቦ ደወለ። ሲያነሱለት ሰላምታም፣ ይቅርታም ሳያስቀድም ነው የጀመረው።

"ጠመንጃ አለኝ" አላቸው። "ዓይን የለኝም። ዛሬውኑ መጥታችሁ ውሰዱት።"

ስም ሲጠይቁት፣ ባሱ ኪልበርንን እስኪያልፍ ድረስ ፊደል በፊደል እየቆጠረ ነገራቸው።