እሳት የሚያወጣው ቃል

በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ እሳት የበላው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ኦፓል ቤት ነበር፤ ክሊኒኩ ከዚያ በኋላ ነው። ኦፓል የተቃጠለውን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ከንፈሯን ታነቃንቅና እፍ ትላለች። እንደገና ታነቃንቅና እፍ ትላለች። በሦስተኛው ላይ ሲጮህ የነበረው ሰው ዝም ይልና ቤቱ ምን እንደሚሸት ማስተዋል ይጀምራል። ምን እንደምትል ግን የሰማ የለም። ባሏ እንኳ ዕድሜውን ሙሉ አጠገቧ ተኝቶ፣ ሳይሰማው ሞተ።

ቃሉ ሕግ ነበረው። ወንድ ለሴት፣ ሴት ለወንድ ታቀብላለች እንጂ ሴት ለሴት አትሰጥም። ለሥጋ ዘመድም አይሰጥም። በጆሮ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ለተቃጠለ ሰው ካልሆነ ከአፍ አይወጣም። የዳነውም ሰው «አመሰግናለሁ» አይልም፤ ብድግ ብሎ ይሄዳል።

ለኦፓል ያቀበላት የባሏ አባት ኤዝራ ነበር፤ አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ ትምባሆ በሚደርቅበት ጎተራ ውስጥ። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ባለች ቁጥር በውስጧ የሚሰማት የራሷ ድምፅ ሳይሆን የኤዝራ ነው፤ ጎርናናው፣ መሀሉ ላይ ሳል ያለበት። ሳሉ ከቃሉ ይቆጠር አይቆጠር አልጠየቀችውም። ለማንኛውም ብላ እሷም እዚያው ቦታ ላይ ትስላለች።

ያለቻት አንዲት ልጅ ራኔል ናት። ሴትም ናት፣ ሥጋዋም ናት፤ በሁለቱም ወደቀች። የቀረው የራኔል ባል ላንደን ነው። ላንደን ከተማ ውስጥ ስልክ ይሸጣል። እሑድ ምሳ በበላ ቁጥር «እማማ፣ ከእርስዎ በኋላ እሳቱን ማን ሊያወጣልን ነው? ቃሉ አብሮዎት ሊቀበር ነው?» ይላታል። ሚያዝያ ላይ እሺ አለችው። ወደ ጎተራው ወስዳ፣ አንገቱን ጎንበስ አድርጋ፣ በጆሮው ነገረችው። ላንደን አለቀሰ። ኦፓል ያን ቀን ልቧ ዐርፎ ተኛች።

ጥቅምት ላይ የጥንቅሽ በዓል ደረሰ። የሸለቆው ሰው ጥንቅሹን ይጨምቃል፣ ጭማቂውን በሰፊ የብረት ገንዳ እሳት ላይ ጥዶ ወለላ እስኪሆን ያፈላል፤ የከተማ ሰው መጥቶ ፎቶ ያነሳል። ኦፓል የፖም ኬኳን ይዛ ስትደርስ ጎረቤቷ ዊልማ የሜዳው መግቢያ ላይ ተቀበለቻት፤ ክንዷ ላይ ሁለት የወጥ ቤት ፎጣ ጣል አድርጋለች።

«ኦፒ! አንቺ ምን ያለሽ ድብቅ ነሽ! ይሄን ሁሉ ዘመን ከእኛ?»

«ምኑን ነው?»

«ይኸው! አንዱ ለእህቴ ነው። ከምድጃ በላይ ሲሰቀል እንዴት እንደሚያምር!»

«መነጽሬን አልያዝኩም።»

«እኔ አለሁልሽ» አለችና ዊልማ ፎጣውን ዘርግታ፣ የታተመበትን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ነጠላ ሰረዝ ሳትዘል፣ በገበያ ድምፅ አነበበችው።

ኦፓል ኬኩን ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። «ማን ነው ያሳተመው?»

«ማን ይሆናል፣ ያንቺው ላንደን ነዋ!»

ላንደን መድረክ ላይ ነበር። በሸለቆው ማንም አድርጎት የማያውቀውን የገለባ ባርኔጣ አድርጓል። ቃሉን በማይክሮፎን ይላል። ከሁለተኛው መስመር በኋላ ቆም ብሎ ቅንድቡን ያነሳል፤ ሰው ይስቃል። ሳሉንም አልተወውም። ሲስል የባሰ ሳቁ።

«ይህን የሰጡኝ» አለ፣ «እማማ ኦፓል ናቸው! ያውና! አመሰግናለሁ፣ እማማ! እናንተም አመሰግናለሁ በሏቸው!»

ሜዳው ሙሉ ሰው ዞሮ አመሰገናት።

ከመድረክ ሲወርድ ጠበቀችው። «ለተቃጠለ ሰው ብቻ ብዬህ ነበር።»

«እማማ፣ እንዳይጠፋ ብዬ እኮ ነው። ባህል በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ታፍኖ ይኖራል? አሁን በየቤቱ ተሰቅሏል፤ እስቲ እንዴት እንደሚጠፋ እናያለን!»

«ጎተራ ውስጥ ስታለቅስ ይሄን እያሰብክ ነው ያለቀስከው?»

ላንደን ባርኔጣውን አስተካከለ። «ያኔ እንኳ… ፎጣው ገና አልታሰበም።»

ራኔል መጣችና የእናቷን ክርን ያዘች። «እማ፣ ሰው ፊት አታዋርጂው። ስንት ደክሞበታል።»

ፎቶ አንሺው ላንደንን ጠራው። ገንዳው ዳር ቆሞ በረጅም ጭልፋ አረፋ እንዲገፍ ፈለገው። ላንደን አረፋ ገፎ አያውቅም። ወደ ካሜራው ፈገግ ሲል ጭልፋው ተንሸራተተና የፈላው ወለላ እጁ ላይ ተደፋ። ወለላ እንደ ውሃ አይወርድም፤ ይጣበቃል።

ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ኦፓል ናት፤ እግሯ ለምዷል። ከገንዳው ስትጎትተው የብረቱ ጠርዝ የራሷን አውራ ጣት ለበለባት።

አንዲት ሴት ፎጣዋን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። ሌላው ተቀበላት። ትንሽ ቆይቶ ሜዳው እንደ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ድምፅ ቃሉን ይል ነበር፤ አንዱ ሰውዬ ፎጣውን ገልብጦ ይዟል።

«እፍ በሉ እንጂ! እፍ ማለት አለበት!» ብላ ዊልማ ጮኸች። ሁሉም ከያሉበት እፍ አሉ።

«እማማ!» አለ ላንደን እንባው እየወረደ። «እርስዎ ይበሉልኝ!»

ኦፓል እጁን ይዛ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነከረችው።

«ቃሉስ?»

«እየሰማኸው አይደል?» አለችው። «እጅህን እንዳታወጣ። ራኔል፣ ክሊኒክ ውሰጂው።»

ኬኩን ከሣሩ ላይ አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች። ጎተራው ውስጥ፣ ኤዝራ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመች። አውራ ጣቷ ይነድዳል። ሰው እንደሌለ አየችና ጣቷን ወደ አፏ አስጠግታ ከንፈሯን አነቃነቀች።

የኤዝራን ድምፅ ጠበቀች። የመጣው ላንደን ነው፤ በማይክሮፎን። ከሁለተኛው መስመር በኋላ ቆም አለ።

እሷም ሳታስበው ቆም አለች። የሚስቅ ግን አልነበረም። እፍ አለች። ጣቷ እንደነደደ ነው።