ዳኛው ቤት የተሰቀለው ምንሽር

ውብአየሁ ከሰበታ ገበያ ስትመለስ ዓይኗ ሁልጊዜ ወደ ፉሪ ኮረብታ ይሄድ ነበር። ያን ጊዜ ኮረብታው ላይ ከባሕር ዛፍና ከገብስ ማሳ በቀር ብዙም የሚታይ ነገር አልነበረም። አባቷ አቶ ወንዳፍራሽ ምንሽር መተኮስ ያስተማሯት እዚያ ነው። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ሰደፉ እንዳይጎዳት ትከሻዋን በጋቢያቸው ይጠቀልሉና ዒላማ የሆነውን ድንጋይ እያሳዩ፣ «ትንፋሽሽን ያዢ። አትቸኩዪ፤ ድንጋዩ የትም አይሄድብሽም» ይሏት ነበር።

ሲሞቱ ምንሽሩንም ጋቢውንም ለእሷ ተዉላት።

ባሏ ዳኜ ሲጠጣ ይደበድባታል። በከሰሰችው ቁጥር የአጥቢያው ዳኛ ኦቦ ነገሳ ሁለቱንም አቁመው ይሰማሉ፤ ዳኜን ይገሥጹና ዋስ እንዲጠራ ያዙታል። ዋስ አጥቶ አያውቅም። የመጠጥ ጓደኛው አለሙ ብድግ ብሎ «እኔ አለሁ» ይላል። ከዚያ ዋሱም ባለዋሱም ተያይዘው ጠጅ ቤት ይገባሉ፤ ሲመሽ ዱላው በእሷ ላይ ይወርዳል።

ጎረቤቷ አያንቱ ያበጠ ፊቷን በቅቤ እያሸች ትቆጣት ነበር። «የአባትሽ ጠበንጃ ለአይጥ ነው እንዴ የተቀመጠው? አንድ ቀን አውጥተሽ አሳዪው።»

«ካወጣሁት እተኩሳለሁ፤ ከተኮስኩ ደግሞ አልስትም። ከዚያ ለእሱ ተዝካር፣ ለእኔ ወህኒ።»

«ተዝካሩን እኔ እደግስልሻለሁ» አለች አያንቱ፤ ሁለቱም ሳቁ። ውብአየሁ ስትስቅ ያበጠ ከንፈሯን አመማት።

አንድ ምሽት ግን ዳኜ ራሱ ምንሽሩን ከግድግዳ አወረደና በሰደፉ ትከሻዋን መታት፤ አባቷ በጋቢ ይጠቀልሉት የነበረውን ትከሻ። እሱ እንቅልፍ ሲጥለው ጠበንጃውን አነሳች። ትንፋሿን ያዘች። የአባቷ ድምፅ «አትቸኩዪ» አላት።

በማግስቱ ምንሽሩን በጋቢው ጠቅልላ ችሎት ሄደች። ዳኜም ተጠርቶ ቀረበ። አለሙ እንደ ልማዱ ለዋስትና ብድግ ሲል ከጋቢው ብቅ ያለውን አፈሙዝ አየ፤ ወገቤን ብሎ ተቀመጠ።

«ኢንታላ ኮ» አሉ ኦቦ ነገሳ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ችሎት ጠበንጃ ተይዞ አይመጣም።»

ምንሽሩን ከነጥይቱ እግራቸው ሥር አኖረችው። «የእሱ ዋስ አለሙ ነው፤ የእኔ ዋስ ይህ ነው። አንቱ ዘንድ በመያዣ ላስቀምጠው። ዳግመኛ ከነካኝ መልሰው ይስጡኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ኦቦ ነገሳ ጎንበስ ብለው ምንሽሩን አነሱት። እንዲህ ያለ መያዣ አይተው እንደማያውቁ፣ መያዣ ግን ለባለቤቱ እንደሚመለስ ተናገሩ።

«ዳኜ፣ እጅህን ካነሳህ በዚያው ቀን እመልስላታለሁ። አንቺም ብትተኩሺ የምፈርድብሽ እኔው ነኝ።»

ምንሽሩ ዳኛው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ክረምት ሲገባና ሲወጣ ውብአየሁ ዘይትና ጨርቅ ይዛ ልትወለውለው ትሄዳለች። ጨርቁን ስታጥብ ያየ ዕለት ዳኜ በጊዜ ይገባል፤ እራቱን በልቶ ድምፁን ሳያሰማ ይተኛል። ተጸጽቶ ይሁን ፈርቶ አልጠየቀችውም። እሷ የዘይቱ ሽታ ያን ጋቢ፣ ያን የፉሪ ነፋስ ሲመልስላት ሥራዋን ሆን ብላ ታዘገየው ነበር።

ዓመታት አለፉ። ዳኜ ተጂ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደና በዚያው ቀረ። ኦቦ ነገሳ ንብረቷን እንድትወስድ ላኩባት። ምንሽሩን ወልውላ፣ በጋቢው ጠቅልላ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ያበጠ ፊቷን እስከ ዓይኗ በነጠላዋ የሸፈነች ልጅ እግር ሴት የችሎት ተራዋን ትጠብቃለች። ባልዋ ፈንጠር ብሎ ከዋሱ ጋር ይሳሳቃል።

ውብአየሁ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ገባችና ምንሽሩን ከነበረበት ሰቀለችው።

«እዚሁ ይቆይ» አለቻቸው፣ ደጃፉ ላይ ወደቆመችው ሴት እያየች። «ዘይቱን እየመጣሁ እቀባዋለሁ።»

ባዶውን ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ፉሪን እያየች ወደ ቤቷ ሄደች።