ሊጥ ከሆንሽ ጂንካ፣ ዱቄት ከሆንሽ ኮልቾ

ጤናዬ አርባ አራት ዓመት ሙሉ ጂንካ ኖራ የኦሞን ወንዝ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ድሮ ይሄ ነገር አያስጨንቃትም ነበር። ወንዝ ወንዝ ነው፤ ያላየችው ወንዝ ብዙ ነው። ጉዱ የመጣው መንግሥት አገሩን እንደገና ሸንሽኖ እኛን «ደቡብ ኦሞ» ብሎ ሲሰይመን ነው። ጎረቤቷ ጥሩነሽ ባሏን ተከትላ አንድ ጊዜ ኦሞ ዳር እስካለችው ኮልቾ ድረስ ሄዳለች። ታዲያ በቀበሌ ስብሰባ መሃል ብድግ ብላ፣ «እዚህ ውስጥ የስማችንን ወንዝ ያየ እጁን ያውጣ!» አለችና የራሷን እጅ እንደ ባንዲራ ሰቀለች። ጤናዬ እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም። ያን ቀን እራት አልበላም ብላ ተኛች።

ጤናዬ ደግሞ አንድ ነገር ከያዘች ያዘች ነው። በሬ ቢጎትታት ወይ ፍንክች። በሳምንቱ ውሃ ጉድጓድ የሚያጠኑ ሰዎች ወጥ ሠሪ ይፈልጋሉ፣ የሚሄዱትም ኮልቾ ነው ሲባል ሰማች። ስንት ቀን እንደሚቆዩ እንኳ ሳትጠይቅ ድስቷን አንጠልጥላ መኪናው ላይ ወጣች።

ሰዎቹ ሦስት ናቸው። አለቃው ኢንጂነር ሣህሌ ይባላል። ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ መነጽሩን በየደቂቃው ይወለውላል፣ ሲናደድ ደግሞ ሰውን ሁሉ «ጓድ» ይላል። ሾፌሩ ተገኝ ነው፤ ከጭነት መኪናው በላይ የሚያከብረው ነገር በምድር ላይ የለም። ሦስተኛው ዶላሞ ነው፤ ቆፋሪም ተሸካሚም ነው፣ ዋናው ሥራው ግን ሳቅ ነው። ሳቅ ሲይዘው ቆሞ አይችልም፣ ሆዱን ይዞ መሬት ይቀመጣል።

የዲመካን ከተማ አልፈው፣ አሸዋማ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ሾላዎች ሥር ሰፈሩ። ወንዶቹ ድንኳናቸውን ተከሉ። ጤናዬ መኪናው ላይ ልትተኛ አስባ ነበር፤ መኪናው ግን ቱቦና ሲሚንቶና የናፍጣ በርሜል ጢም ብሎበታል። ከሦስት ወንድ ጋር ድንኳን ውስጥ? አይሆንም። መሬት ላይ? ጤናዬ በዚህ ዓለም የምትፈራው ጊንጥ ብቻ ነው፤ መሬቱ ደግሞ የጊንጥ አገር ነው።

«እንግዲያስ የት ልትተኚ ነው?» አለ ሣህሌ።

«አየር ላይ» አለች።

ጂንካ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር አንድ ፈረንጅ በሁለት ዛፍ መሃል በመረብ ተንጠልጥሎ ሲያንኮራፋ አይታ ታውቃለች። ፈረንጅ ከቻለው ምን ይገዳል? ሁለት ባዶ ጆንያ ቀድዳ ሰፋች፣ ጫፍና ጫፉን በጭነት ገመድ አሰረች፣ በሁለት ሾላ መሃል ሰቀለች። ከላይ የመኪናውን ትርፍ ሸራ በአራት ማዕዘኑ ወጥራ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ አድርጋ ዘረጋች።

«ዥዋዥዌ!» አለ ዶላሞ። «እትዬ ጤናዬ ዥዋዥዌ ሠራች! ልግፋሽ?»

«እናትህን ግፋ!»

ሌሊት ዝናቡ መጣ። ጠፍጣፋው ሸራ ውሃውን ከማፍሰስ ይልቅ ያዘው፤ ሆዱ እንደ እርጉዝ ላም እያበጠ፣ እያበጠ፣ የጤናዬ አፍንጫ ላይ ደረሰ። እሷም ብልህ ነኝ ብላ ጭልፋዋን አንስታ ከሥር ገፋ አደረገችው። የአንዱ ማዕዘን ገመድ ተበጠሰ። አንድ በርሜል የሚሞላ ውሃ በአንድ ጊዜ ወረደባት፤ ከጆንያው ገልብጦ፣ ከነብርድ ልብሷ፣ ከነጭልፋዋ፣ ጭቃ ላይ ጣላት። ድንኳን ውስጥ ዶላሞ እስኪነጋ ሲስቅ አደረ።

ጠዋት ሻይ ስትቀዳ ሦስት ጊዜ አስነጠሰች። ሣህሌ መነጽሩን ወለወለ።

«ጓድ ጤናዬ፣» ሲል ነገሩ ገባት። «ፊልድ ላይ ሰው ቢታመም ሪፖርት የሚጻፈው በእኔ ላይ ነው። ነገ ጠዋት የቢሮው ላንድሮቨር የአፈር ናሙና ሊወስድ ይመጣል። በእሱ ወደ ጂንካ ትመለሻለሽ።»

ጤናዬ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «አንተ» አለችው። አማርኛ የተማረችው ገበያ ላይ ስለሆነ «እርስዎ» የሚባለው ነገር አልደረሳትም፤ ለሁሉም «አንተ» ነው። «አንተ፣ እኔ ኦሞን ሳላይ አልመለስም።»

«ርሰሽ አደርሽ እኮ!»

«ትናንት ረጠብኩ። ዛሬ አልረጥብም።»

«ብትረጥቢስ?»

«ከአፈርህ ጋር ጫነኝ። ባልረጥብስ?»

ሣህሌ ሰማዩን አየ። በኮልቾ በኩል ደመናው ከአሁኑ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ፈገግ አለ፤ እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ነው። «ባትረጥቢ ኮልቾ ትሄጃለሽ።»

«በል ማል።»

«በመነጽሬ!»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ተገኝ ከመኪናው ሥር። «መርጠቧና አለመርጠቧ በምን ይታወቃል? ትንሽ እርጥብ አለ፣ ብዙ እርጥብ አለ፤ ኋላ ሙግት ነው የሚሆነው።»

ዶላሞ ብድግ አለ። ዓይኑ በራ። «ዱቄት እንነስንስባት! ከአንገቷ እስከ እግሯ! ዝናቡ ካባራ በኋላ እናያለን። እትዬ፣ ሊጥ ከሆንሽ ጂንካ፣ ዱቄት ከሆንሽ ኮልቾ!» አለና እስኪቀመጥ እንኳ አልጠበቀም፣ በሳቅ ወደቀ።

«የመንግሥት ዱቄት ነው» አለ ሣህሌ።

«አንድ ጣሳ» አለች ጤናዬ፣ «ከእኔ ቂጣ ይቀነስ።»

ከዚያ ሥራ ጀመረች። ያን ቀን ምሳ ዘገየ፣ ማንም ግን አላጉረመረመም፤ ሁሉም ሥራውን ትቶ ከቧታል። በመጀመሪያ ሸራውን አወረደችው። ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው ቤት ማን አገር አየች? ከሾላ ወደ ሾላ አንድ ገመድ ወጥራ ሸራውን እንደ ቤት ክዳን ግራና ቀኝ ጣለችበት። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ጫፉን መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጋ በችካል ወጠረችው፤ በሌላው በኩል ሰው ጎንበስ ብሎ እንዲገባ ትንሽ ከፍ አደረገችው። ከዚያ ዶላሞን ጀሪካን ውሃ አስይዛ ሸራው አጠገብ የቆመው መኪና ላይ አወጣችውና ራሷ ጆንያው ውስጥ ገብታ ተኛች።

«አፍስስ!»

ውሃው በሸራው ላይ ሽው ብሎ ወርዶ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሆድ የለ፣ እብጠት የለ። ጤናዬ ልትዘፍን አፏን ስትከፍት ጀርባዋ ቀዘቀዘ። በእጇ ዳበሰችው። እርጥብ ነው! ደግሞ ከራስጌዋም፣ ከግርጌዋም።

«ሸራው ተቀዷል» አለ ሣህሌ ደስ ብሎት።

«የእኔ ሸራ አይቀደድም!» ብሎ ጮኸ ተገኝ።

ጤናዬ ወርዳ ጆንያው የተሰቀለበትን ገመድ አየችው። ከሸራው ውጪ፣ ዛፉ ጋ የቀረው የገመድ ጫፍ ውሃ ይጠጣል፤ ከግንዱ የሚወርደውም ወደ ገመዱ ይሻገርና ጠብ ሳይል፣ ዝም ብሎ እንደ ሌባ በገመዱ ተንሸራቶ እየሄደ ጆንያው ውስጥ ይገባል። ቁጢጥ ብላ አየችው፣ አየችው። ከዚያ በአንድ ጊዜ የእናቷ ጓሮ ትዝ አላት። እናቷ በክረምት ዛፍ ግንድ ላይ የእንሰት ቅጠል ታስርና ጫፉን እንስራ አፍ ላይ ታንጠለጥለው ነበር። በግንዱ የሚወርደው ውሃ ቅጠሉ ጋ ሲደርስ ግንዱን ይተውና በቅጠሉ ተንሸራቶ እንስራ ይሞላል። ውሃ እንደ ከብት ነው፤ መንገድ ካሳዩት ይሄዳል።

መቀነቷን ፈታች። ሸርከት አድርጋ ቀደደችው።

«ምን ሆንሽ?» አለ ሣህሌ።

«ዞር በል፣ ለውሃው መንገድ ላሳየው ነው።»

ከቅዳጁ አንዱን በራስጌው ገመድ፣ አንዱን በግርጌው ገመድ፣ ከሸራው ሥር ግን ከጆንያው መለስ አድርጋ አሰረች። ጫፋቸው ወደ መሬት ተንጠለጠለ። «አፍስስ!» አለች እንደገና። ውሃው በገመዱ እየተንሸራተተ መጣ፣ መጣ፣ ቅዳጁ ጋ ደረሰ፣ ቆም አለ፣ ከዚያ በጨርቁ ወርዶ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ መሬት ላይ። ከቅዳጁ ወዲህ ያለው ገመድ እንደ ደረቀ ቆዳ ነው።

ዶላሞ ጀሪካኑን ጥሎ አጨበጨበ። ተገኝ ገመዱን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ይሄ እኮ ለመኪናዬ መስኮት ይሆናል» አለ። ሣህሌ ብቻ መነጽሩን ወለወለ።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሰማዩ አጉረመረመ። ጤናዬ ደረቅ ልብስ ለብሳ ጆንያው ውስጥ ተጋደመች። ዶላሞ በጣሳው ዱቄት እንደ ቄጠማ ነሰነሰባት፤ ደረቷ ነጣ፣ እግሯ ነጣ፣ ቅንድቧ ሳይቀር ነጣ። «ለመጠበስ የተዘጋጀ ዓሣ መሰልሽ» አላት።

«ከኦሞ የወጣ በለኝ።»

ወንዶቹ ወደ ድንኳናቸው ሮጡ፤ ዝናቡም ወረደ። ምን መውረድ ነው፣ ተደፋ! ጤናዬ አንድ ዓይኗን ከፍታ ሸራውን አየች። ያለቅሳል፣ ግን ወደ ውጪ ነው የሚያለቅሰው። ቅዳጆቹን አየች። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ነፋሱ ሸራውን እንደ ከበሮ መታው፤ ችካሉ አልተነቀለም። ሳቋ መጣባት፤ ዱቄቱ እንዳይበተን ከንፈሯን ነክሳ በሆዷ ሳቀች። ጆንያው ከሳቋ ጋር እሹሩሩ ይላታል።

ያን ጊዜ ከድንኳኑ በኩል ጩኸት ተሰማ። ሣህሌ ድንኳኑን ያስተከለው ረባዳው ላይ ነበር፤ ትናንት ጤናዬ «እዚያ ውሃ ይተኛል» ስትለው «በካርታ ነው የምንሠራው» ብሏታል። አሁን ጎርፉ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ወጣ። ተገኝ አልጋውን ተሸክሞ፣ ዶላሞ ጫማውን ነክሶ፣ ሣህሌ የካርታውን ጥቅል ከሸሚዙ ሥር ወሽቆ፣ ሦስቱም እየሮጡ መጡ። ወዴት? ወደ ጤናዬ ሸራ!

«ቁም!» አለች ከተጋደመችበት፣ ጭልፋዋን እንደ ሽጉጥ ደግና። «አትጠጉኝ! እናንተ ከዝናቡ ትብሳላችሁ!»

«እትዬ፣ ሞትን እኮ!»

«በዚያኛው ጫፍ ቁሙ! እንዳትራገፉ! ዶላሞ፣ ከሳቅህ እገድልሃለሁ!»

ዶላሞ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች በሸራው ጠርዝ ሥር እንደ ዶሮ ተጣብቀው፣ እጃቸውን ከጎናቸው ሰብስበው ቆሙ። ሣህሌ ግን ደረቱን ዳበሰ፤ ሸሚዙ ራሱ ውሃ ነው፣ ካርታው ደግሞ ከሸሚዙ ሥር ነው።

«ጤናዬ፣» አለ፤ ያለ ጓድ። «የስድስት ወር ሥራ ነው። ካርታው ከራሰ ኮልቾ የሚባል ጉዞ የለም። እባክሽ፣ ደረቅ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው።»

ጤናዬ ካርታውን አየች፣ ደረቷ ላይ ያለውን ዱቄት አየች። ቢያቀብላት እጅጌው ይንጠባጠባል። ባያቀብላት ደረቅ ሆና ትቀራለች፣ ግን ወዴት ልትሄድ?

«ወዲህ በል፣» አለች። «እጅህን ጨምቀህ ግን!»

እጅጌውን ጨመቀ፣ ጎንበስ ብሎ ጥቅሉን ሆዷ ላይ አስቀመጠ። ሲመለስ ከክንዱ አምስት ጠብታ ወረደ። ጠብ አለ፣ ዱቄቱ ላይ። ጤናዬ ካርታውን በብርድ ልብስ ሸፍና አቀፈችው፤ ጠብታዎቹን ግን ያልቆጠረ የለም።

ዝናቡ አባራ። ጤናዬ ወረደች፣ ሦስቱም ከበቧት። ከአንገት እስከ እግር ነጭ ናት። ሆዷ ላይ ግን አውራ ጣት የምታህል ሊጥ አለች።

«ሊጥ!» አለ ሣህሌ፤ ከአፉ ያመለጠው ይመስላል።

«ይሄ የአንተ ውሃ ነው! የሰማይ አይደለም!»

«ውሃ ውሃ ነው። ውላችን ሊጥ ከሆነች ነው የሚለው።»

«ይህችን የምታህል ሊጥ ለጉንዳን ቂጣ አትሆንም!» አለ ዶላሞ።

ሁሉም ወደ ተገኝ ዞሩ። ተገኝ በሕይወቱ ፍርድ ጠይቀውት አያውቁም፤ ደረቱን ነፋ። «እኔ የማውቀው መኪና ነው» አለ። «ጣሪያው ካፈሰሰ ጥፋቱ የባለመኪናው ነው። ተሳፋሪ ርሶ ገብቶ ወንበሩን ካረጠበ ግን ጥፋቱ የተሳፋሪው ነው። ይሄ ጣሪያ አላፈሰሰም። አንተ ተሳፋሪ ነህ።»

ሣህሌ የካርታውን ጥቅል ተቀበለና ፈታው። ደረቅ ነው። አንድ መስመር እንኳ አልፈሰሰም፤ ዱቄት ብቻ ተነስንሶበታል። መነጽሩን ሊወለውል አወጣ፤ የሚወለውልበት ደረቅ ጨርቅ አጣ። ጤናዬ ከመቀነቷ የተረፈውን ዘረጋችለት።

ተቀብሎ ወለወለ። ከዚያ ጣቱን ካርታው ላይ በሰማያዊ መስመር አስኬደ፣ ዱቄቱን እፍ አለው።

«ምንድነው እሱ?» አለች።

«ኦሞ።»

ጎንበስ ብላ አየች። «ቀጭን ነው።»

«ኮልቾ ላይ ሆነሽ ስታዪው ይወፍራል» አለ ሣህሌ። ዶላሞ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ።

በማግስቱ ላንድሮቨሩ መጣ፣ አፈሩን ብቻ ጭኖ ተመለሰ።

ኮልቾ የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው። መንደሩ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ መሬቱ እዚያ ያልቅና ከሥር ወንዙ ይጀምራል። ጤናዬ መኪናው ሳይቆም ዘለለች። አፋፉ ላይ ሄዳ ቆመች። ወንዙ እንደ ወተት ሻይ ደፍርሶ፣ ሰፍቶ፣ እንደ ትልቅ እባብ ተጠማዝዞ፣ ለማንም ሳይቸኩል ይሄዳል። ከዚያ ሳቀች፤ ከእግሯ ጣት ጀምሮ ሳቀች፤ ዶላሞ እንኳ «እትዬ፣ ምን ነካሽ?» እስኪላት ድረስ።

«በይ እንግዲህ አየሽው» አለ ሣህሌ። «እራት ይሠራ።»

ዞር ሲል ጤናዬ የለችም። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ የገደሉን ቀጭን መንገድ ይዛ ወደ ውሃው ትወርዳለች።

«ተመለሺ!» ብሎ ጮኸ ተገኝ። «አዞ አለ እዚያ!»

«እሱም ይየኝ!» አለች።